ከቤተ ሙከራ እስከ መማሪያ ክፍል፤ የጄምስ ኮልማን ሕይወትና ሥራ

ስለ አንድ ትምህርት ቤት ደረጃ ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚቆጠረው በዐይን የሚታየው ነገር ነው። የክፍሎቹ ብዛት፣ የዴስኮቹ ቁጥር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ስፋት፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ፣ የመምህራኑ የትምህርት ደረጃና ደመወዝ ይመዘገባል። ይህ ሁሉ ከተሟላ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፣ ከጎደለም ደካማ ነው ተብሎ ይደመደማል። ሕንፃ ለሚሠሩና በጀት ለሚመድቡ ሰዎች እንዲህ ያለው አቆጣጠር ምቹ ነው። ዳሩ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ምን ያህል ተማረ? በአንድ ጣሪያና በአንድ መምህር ሥር ከተቀመጡት ልጆች መካከል አንዱ ወደ ፊት ሲራመድ ሌላው ወደ ኋላ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በአንድ ሰፊ አገር ደረጃ በቁጥር ለመመለስ ከሞከሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ጄምስ ሳሙኤል ኮልማን ነበር። ሰውየው ወደዚህ ሙያ የገባው ከምሕንድስና ተነሥቶ ስለ ሆነ፣ የሕይወቱ ታሪክ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይሆንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮልማን በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በቤድፎርድ ከተማ ሜይ 12 ቀን 1926 ተወለደ። ቤተሰቡ ኋላ ወደ ኬንታኪ ክፍለ ግዛት ስለ ተዛወረ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰው በ1944 በሉዊቪል ከተማ ነው። ወቅቱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ነበረ ብዙ ሳይቆይ የባሕር ኃይል ወታደር ሆነ። በ1946 ከውትድርና ሲሰናበት ወደ ትምህርቱ ተመልሶ፣ በ1949 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በኬሚካል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። ከዚያም በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው የኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ በኬሚስትነት ተቀጠረ። ይሁን እንጂ የፎቶግራፍ ፊልም ኬሚስትሪ ሐሳቡን ሊይዘው አልቻለም። በ1951፣ ዕድሜው 25 ዓመት ሲሆን፣ ዋስትና ያለውን ሥራ ትቶ የኅብረተሰብ ሳይንስ ለመማር ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በዚያን ዘመን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጥናት ክፍል በሁለት ታላላቅ መምህራን የታወቀ ነበር። አንደኛው ከቪየና የመጣውና በሒሳብ የሠለጠነው ፖል ላዛርስፌልድ ሲሆን፣ የሰዎችን ምርጫና አስተሳሰብ በመጠይቅ ሰብስቦ በቁጥር መተንተንን ያስተምር ነበር። ሁለተኛው የኅብረተሰብን አሠራር በንድፈ ሐሳብ በማብራራት ስመ ጥር የሆነው ሮበርት መርተን ነው። ኮልማን ከአንደኛው መለካትን፣ ከሁለተኛው ደግሞ ሊለካ የሚገባውን መምረጥን ተማረ። ከሲይሞር ማርቲን ሊፕሴትና ከማርቲን ትሮው ጋር ሆኖም የማተሚያ ቤት ሠራተኞችን የሙያ ማኅበር ውስጣዊ ዴሞክራሲ አጠና፤ የጥናቱ መጽሐፍ በ1956 ታተመ። የዶክትሬት ዲግሪውን የተቀበለው በ1955 ነበር።

ወደ ትምህርት ቤት ጉዳይ የገባው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረ በኋላ ነው። በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ከሚገኙት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል ዐሥሩን መርጦ፣ ተማሪዎቹ ማንን እንደሚያደንቁ፣ ከማን ጋር መዋል እንደሚፈልጉና በምን መታወስ እንደሚሹ ጠየቃቸው። የጥናቱ ውጤት በ1961 በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ መምህራንንና ወላጆችን አሳሰበ። ተማሪዎቹ የራሳቸው የሆነ ሌላ ትንሽ ኅብረተሰብ መሥርተው ተገኙ። በዚህ ኅብረተሰብ ውስጥ ክብር የሚሰጠው በአብዛኛው ለስፖርተኛውና ለተወዳጁ ልጅ እንጂ ለጎበዙ ተማሪ አልነበረም። ኮልማን ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ቢመስልም ጥልቅ ነው። ልጅ ጉልበቱን የሚያፈሰው ክብር ወደሚገኝበት ነው፤ ስለዚህ ትምህርት በማያስከብርበት ቦታ ብሩህ አእምሮ ያለው ልጅ ሁሉ ጎበዝ ተማሪ አይሆንም። ከዚህም የተነሣ የአንድ ልጅ ውጤት የሚወሰነው በራሱና በመምህሩ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው በተቀመጡት ልጆች ጭምር መሆኑን አስገነዘበ። ይህ ሐሳብ በኋላ ሥራዎቹ ሁሉ እየተመለሰ ይታያል።

በ1959 ወደ ባልቲሞር ከተማ ተዛውሮ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የኅብረተሰብ ጥናት ክፍል መሠረተ። በ1964 ያሳተመው መጽሐፍ የሒሳብን ዘዴ ለኅብረተሰብ ጥናት ለማዋል መንገድ ከከፈቱት ሥራዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ኮልማን ከቢሮው የማይወጣ ሊቅ አልነበረም። በባልቲሞር አጠገብ የሚገኘው የግዊን ኦክ መናፈሻ ጥቁር አሜሪካውያንን አላስገባም በማለቱ በ1963 የተቃውሞ ሰልፍ ሲደረግ፣ ኮልማን ከቤተሰቡ ጋር ተሰልፎ በፖሊስ ተያዘ። መናፈሻውም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በሩን ለሁሉም ከፈተ። ይህ ታሪክ ሊዘነጋ አይገባም፤ ምክንያቱም ኋላ የዘር እኩልነት ጠላት ነው ተብሎ የተከሰሰው ይኸው ሰው ነው።

በ1964 የአሜሪካ ኮንግሬስ የዜጎችን መብት ሕግ አወጣ። የሕጉ 402ኛ ክፍል፣ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ምክንያት የትምህርት ዕድል መጓደሉ ተጠንቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ለፕሬዚዳንቱና ለኮንግሬሱ እንዲቀርብ ያዝዛል። የጥናቱ ኃላፊነት ለኮልማን ተሰጠ፤ ኧርነስት ካምቤልና ሌሎች ባለሙያዎችም አብረውት ሠሩ። ብዙ ሰዎች የጥናቱን መልስ አስቀድመው የሚያውቁት ይመስላቸው ነበር። የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች በሕንፃ፣ በመጽሐፍና በመምህር እጅግ የተጓደሉ መሆናቸው ይረጋገጣል፣ ጉድለቱ በገንዘብ ይሟላል፣ ልዩነቱም ይጠፋል ተብሎ ተጠበቀ። ኮልማን ራሱም በትምህርት ቤቶቹ ጥራት መካከል ታላቅ ልዩነት እንደሚገኝ ጠብቆ ነበር።

ጥናቱን ከቀደሙት ሁሉ ልዩ ያደረገው የኮልማን አንድ ውሳኔ ነው። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ያቀረበውን ብቻ ቆጥሮ ሪፖርት ማድረግ ይቻለው ነበር፤ የሕጉም ቃል ከዚህ የበለጠ በግልጽ አልጠየቀም። እርሱ ግን ወደ ፋብሪካ የሚገባው ጥሬ ዕቃ ከሚወጣው ምርት ጋር ሳይነጻጸር ስለ ፋብሪካው መናገር እንደማይቻል ከመጀመሪያ ሙያው ያውቅ ነበር። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ንብረትና የመምህሩ ችሎታ ብቻ ሳይሆን፣ የተማሪው የቤት ሁኔታና የተማረው ትምህርት መጠን አብረው እንዲለኩ አደረገ። በ1965 የበልግ ወራት በ4,000 ያህል ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ወደ 600,000 የሚጠጉ የ1ኛ፣ የ3ኛ፣ የ6ኛ፣ የ9ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተፈተኑ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ መምህራንም መጠይቅ ሞሉ። አንዳንድ ትላልቅ ከተሞች ለመተባበር እንቢ በማለታቸው ናሙናው ጉድለት ነበረበት። ሆኖም በዚያን ጊዜ በኅብረተሰብ ጥናት ከተካሄዱት ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ለመሆን በቃ።

ከ700 ገጽ በላይ የሆነው ሪፖርት በጁላይ 1966፣ አሜሪካውያን የነፃነት በዓላቸውን በሚያከብሩበት ሰሞን፣ ያለ ብዙ ጫጫታ ወጣ። የመጀመሪያው ግኝት ማንንም አላስደነቀም። የአንደኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነጭ ተማሪዎች 80 በመቶ ያህሉ ከ90 በመቶ በላይ ነጮች ብቻ በሚገኙባቸው ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር። ከጥቁር የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችም ከ65 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚማሩት ከ90 በመቶ በላይ ጥቁሮች በሆኑባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። ሁለተኛው ግኝት ግን ያልተጠበቀ ነበር። ጥቁር ተማሪዎች የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የቋንቋ ቤተ ሙከራ እንዲሁም የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚያገኙት በአነስተኛ መጠን መሆኑ ቢረጋገጥም፣ በአንድ አካባቢ በሚገኙ የነጮችና የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች መካከል ያለው የቁሳቁስ ልዩነት ከተገመተው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

የውጤቱ ልዩነት ግን አነስተኛ አልነበረም። በሰሜን ምሥራቅ ታላላቅ ከተሞች የሚገኙ ጥቁር ተማሪዎች በአማካይ በ6ኛ ክፍል 1.6 ዓመት፣ በ9ኛ ክፍል 2.4 ዓመት፣ በ12ኛ ክፍል 3.3 ዓመት ከነጮቹ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ልጆቹ ይዘውት የመጡትን ልዩነት ሊያጠፋው ቀርቶ ሳይገታው አብሮ ተጓዘ ማለት ነው። ምክንያቱ ሲመረመር የተማሪዎችን ውጤት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረዳው የቤተሰብ ኑሮና የወላጆች ትምህርት ሆነ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የክፍል ጓደኞች የቤተሰብ ሁኔታ ነው። የመምህሩ ችሎታ፣ በተለይም የቋንቋ ችሎታው፣ ከሕንፃውና ከቤተ መጻሕፍቱ የበለጠ ክብደት ነበረው፤ ይህም ክብደት ለነጭ ተማሪዎች ከሚኖረው ይልቅ ለጥቁር ተማሪዎች የላቀ ነበር። ዕድሉ በገዛ ጥረቱ እንደሚወሰን የሚያምን ልጅ፣ ሁሉን ለአጋጣሚ ከሚተወው ልጅ ይልቅ የተሻለ ውጤት እንዳለውም ታየ። ከጠቅላላው የውጤት ልዩነት ውስጥ በትምህርት ቤትና በትምህርት ቤት መካከል የተገኘው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ የቀረው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በሚማሩ ልጆች መካከል የሚታይ ልዩነት ነው።

ይህ ውጤት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መልኩን ለወጠ። ትምህርት ቤት ምንም አይፈይድም፣ ሁሉም በቤተሰብ ያልቃል የሚል ትርጉም ተሰጠው። ለትምህርት በጀት መቀነስ ምክንያት የሚፈልጉ ሰዎችም ደስ ብሏቸው ያዙት። ነገር ግን ቁጥሩ ይህን አይልም። በአንድ ወረዳ የሚገኙ ማሳዎች ሁሉ ከአንድ ቦይ እኩል ውሃ ቢጠጡ፣ የአንዱ ማሳ ምርት ከሌላው የሚለየው በአፈሩ ይሆናል። የምርቱ ልዩነት በውሃው የመጣ አይደለም የሚል መርማሪ እውነቱን ነው። ስለዚህ ውሃው አያስፈልግም የሚል ግን ቦዩ በተዘጋ ማግስት ስሕተቱን ያየዋል። ኮልማን የለካው በትምህርት ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት በተማሪዎች ውጤት ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ነው እንጂ፣ ትምህርት ቤት ጨርሶ ባይኖር የሚደርሰውን ጉዳት አልነበረም።

የባለሙያዎች ትችት ከዚህ የጠነከረ ነበር። በ1968 የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ሳሙኤል ቦልስና ሄንሪ ሌቪን በሪግሬሽን ስሌቱ ላይ ከባድ ጥያቄ አነሡ። የሀብታም ልጅ በአብዛኛው የሚማረው በተሻለ ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ ቤተሰብና ትምህርት ቤት አብረው የሚሄዱ ምክንያቶች ናቸው። በስሌቱ ውስጥ ቤተሰብ በቅድሚያ ከገባ፣ የሁለቱ የጋራ ድርሻ በሙሉ ለቤተሰብ ይቆጠራል። ሁለት ፓምፖች በአንድ ቧንቧ ውሃ ሲገፉ፣ የጋራውን ግፊት በሙሉ በመጀመሪያ ለተመዘገበው ፓምፕ እንደ መስጠት ያለ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲም ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃንና ፍሬድሪክ ሞስቴለር የመሩት የሊቃውንት ጉባኤ መረጃውን እንደ ገና መረመረ፤ የምርመራው ውጤት በ1972 ሲታተም ስሕተቶች መገኘታቸውን ቢገልጽም፣ ዋናውን መደምደሚያ በአብዛኛው አጸናው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን የተማሪውንና የትምህርት ቤቱን ደረጃ ለይተው የሚያሰሉ አዳዲስ ዘዴዎች ሲገኙ፣ የትምህርት ቤት ድርሻ ኮልማን ከገመተው ከፍ ያለ መሆኑ ታየ።

የሪፖርቱ አንድ ክፍል በፍርድ ቤትና በመንገድ ላይ ሳይቀር ተከራከሩበት። የክፍል ጓደኞች ሁኔታ የልጁን ውጤት የሚነካ ከሆነ፣ የድሀና የሀብታም፣ የጥቁርና የነጭ ልጆች አብረው ቢማሩ ይሻላል ማለት ነው። በ1971 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰሜን ካሮላይና በሻርሎት ከተማ ጉዳይ ተማሪዎችን በአውቶቡስ ከሰፈር ሰፈር እያመላለሱ ማደባለቅ እንደሚቻል ወሰነ። የዚህ ፖሊሲ ደጋፊዎችም የኮልማንን ስም ይጠሩ ነበር። ነገር ግን በ1973 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተመለሰው ኮልማን በ1975 ባወጣው ሌላ ጥናት፣ በታላላቅ ከተሞች ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ሲደባለቁ ነጭ ቤተሰቦች ወደ ከተማ ዳር ሰፈሮች ሸሽተው እንደሚሄዱና ማደባለቁ በዚህ ምክንያት ራሱን እንደሚያፈርስ ገለጸ።

ከዚህ በኋላ የትናንት ወዳጆቹ ተነሡበት። አንዳንድ ተመራማሪዎች የስሌቱን ትክክለኛነት በመረጃ ተቃወሙ፤ ይህ የሙያው ደንብ ነው። በ1976 ግን የአሜሪካ የኅብረተሰብ ጥናት ማኅበር ፕሬዚዳንት አልፍሬድ ማክላንግ ሊ፣ ኮልማን በማኅበሩ እንዲወገዝ እስከ መጠየቅ ደረሰ። በማኅበሩ ስብሰባ አዳራሽም ስሙን ከናዚዎች ምልክት ጋር ያያዘ ጽሑፍ ተለጠፈ። ውግዘቱ ባይፈጸምም ኮልማን ከማኅበሩ ለቀቀ። ዐሥራ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ለጥቁሮች መብት ተሰልፎ በፖሊስ የተያዘው ሰው፣ ቁጥሩ የነገረውን በመናገሩ ከዘረኞች ተራ ተቆጠረ። እርሱ ግን ውጤቱ ለሚደግፈው ዓላማ ስለማይመች ልኬቱን አልደበቀም። የልጆች መለያየት መቆም አለበት የሚለውን እምነትም አልተወም፤ የተቃወመው የተመረጠው መንገድ ወደ ተፈለገው ስፍራ የማያደርስ መስሎ ስለ ታየው ነው። ጊዜም ማኅበሩን ከኮልማን ጋር አስታረቀ። ሊያወግዘው የተነሣው ማኅበር መልሶ ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጠው፤ በዚህም ሥልጣን እስከ 1992 አገለገለ።

በ1980ዎቹ ዓመታት ወደ ቀደመው ጥያቄ በሌላ በኩል ተመለሰ። ከ1,000 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መረጃ መርምሮ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ የቤተሰብ ሁኔታ ያላቸውን ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች በተሻለ ውጤት እንደሚያስተምሩ ጻፈ። ተቺዎች ልጆቻቸውን ወደዚያ የሚልኩ ወላጆች ከመነሻውም የተለዩ ናቸው ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩም ተገቢ ነበር። ሆኖም አንድ ቁጥር ኮልማንን አሳሰበው። ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ትምህርታቸውን ያቋረጡት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች 14.4 በመቶ፣ በሌሎች የግል ትምህርት ቤቶች 11.9 በመቶ ሲሆኑ፣ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች 3.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱን የሚያመጣው የግል ትምህርት ቤት መሆን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁጥር በተቀራረቡ ነበር።

መልሱን ያገኘው በወላጆች ግንኙነት ውስጥ ነው። የተማሪዎቹ ወላጆች እርስ በርሳቸው ሲተዋወቁ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙና የአንዱን ልጅ ሌላው ሲጠብቅ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሳይታይ ሊቀር አይችልም። ኮልማን ይህን በ1988 ባወጣው ጽሑፍ ማኅበራዊ ካፒታል ብሎ ሰየመው። እድርና ማኅበር ባለበት፣ የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ መገሠጽ ወግ በሆነበት አገር ላደገ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የኮልማን ድርሻ ይህ ዝምድና እንደ ገንዘብና እንደ ዕውቀት ሁሉ ሊከማች፣ ሊባክንና በልጆች ውጤት ላይ ሊለካ የሚችል ሀብት መሆኑን ማሳየቱ ነው። በ1990 ያሳተመው ታላቅ መጽሐፍም የኅብረተሰብን አሠራር ከግለሰብ ምርጫ አንሥቶ በአንድ ንድፈ ሐሳብ ለማስረዳት የተደረገ ሙከራ ነው።

የኮልማን ግኝት በየትኛውም አገር እንዳለ የሚሠራ ሕግ አይደለም። በ1983 ስቲቨን ሄይንማንና ዊልያም ሎክስሊ የ29 ሀብታምና ድሀ አገሮችን መረጃ ባነጻጸሩ ጊዜ፣ በድሀ አገሮች የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት በተማሪው ውጤት ላይ ያለው ክብደት በሀብታም አገሮች ከሚታየው እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኙት። ይህ የኮልማንን ሥራ አያፈርስም፤ የሚሠራበትን ወሰን ያሳያል እንጂ። አንዱ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ኖሮት ሌላው ከሌለው፣ አንዱ የሠለጠነ መምህር አግኝቶ ሌላው ካጣ፣ ቦዩ ለሁሉ ማሳ እኩል አልደረሰም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የምርቱ ልዩነት ምክንያት በአፈሩ ብቻ ሳይሆን በውሃውም ይሆናል።

ጄምስ ኮልማን ማርች 25 ቀን 1995 በቺካጎ ከተማ በ68 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። ከሥራዎቹ መካከል አንዳንዶቹ በተሻለ ዘዴ ታርመዋል፤ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ ያከራክራሉ። ጸንቶ የቀረው ጥያቄውን ያቀረበበት መንገድ ነው። ከእርሱ በፊት የትምህርት እኩልነት ማለት ለሁሉ ልጅ ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ማቅረብ ነበር። ከእርሱ በኋላ ግን እኩልነት የሚመዘነው ልጁ ከተወለደበት ቤት ዕጣ ነፃ ሊወጣ በቻለበት መጠን ሆነ። ትምህርት ቤት ለሚነድፍና ለሚገነባ ባለሙያ ይህ ከባድ መለኪያ ነው፤ ሕንፃው ተጠናቆ ቁልፉ በተረከበበት ዕለት ሊሞላ አይችልምና። የሕንፃው ርክክብ ሰነድ የሚመሰክረው ግድግዳው በንድፉ መሠረት መቆሙን ነው። በውስጡ የተቀመጠው የድሀ ልጅ ከሀብታሙ ልጅ እኩል መማሩን የሚመሰክረው ግን ልጆቹ ራሳቸው ተለክተው ሲታዩ ብቻ ነው።